ልጆቻቸውን ለልመና የሚያሰማሩ ወላጆችና ለሕፃናቱ የተሰጠው የሕግ ጥበቃ

ዝናብ በተጓደለ ዓመት የገበሬው ችግር ደረጃ በደረጃ እንደሚመጣ በዕርዳታ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ፍየሉና በጉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ ለዘር የተቀመጠው እህል ይበላል፤ ከዚያም የእርሻው በሬ ለገበያ ይወጣል፤ በመጨረሻም ቤት ተዘግቶ፣ ልጅ ታዝሎ ወደ አውራ ጎዳና ይወጣል። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ቤተሰብ የሚሸጠው ነገር የለውም። የቀረው የሰው ርኅራኄ ብቻ ነው። የሰውን ርኅራኄ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ሕፃን እንደሚያነሣሣ እናት ከማንም በፊት ትረዳዋለች። ስለዚህ ልጅ እጁን እንዲዘረጋ ይደረጋል።

ይህን የመሰለ ሁኔታ ሲያጋጥም የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የፖሊስ ባልደረባው፣ የተረጂዎች መዝጋቢውና የመጠለያው ኃላፊ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሚዛን ይፈርዳሉ። አንዱ እናቲቱን «ልጇን የምትነግድ» ይላታል፤ ሌላው «ምን ታድርግ!» ብሎ ያልፋታል። ሁለቱም ሕጉ ምን እንደሚል አልጠየቁም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዳኛም ጠበቃም ሳይሆን የማስታወቂያ ሠራተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ በሥራው አጋጣሚ ከተመለከተው ተነሥቶ፣ ጉዳዩን የሚመለከቱትን ሕጎች አንብቦና የሚያውቁትን ጠይቆ የተረዳውን በየማከፋፈያ ጣቢያው ለተሰማሩ ባልደረቦች እንዲጠቅም በሚከተለው ሁኔታ አቅርቧል።

ከአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ የታየ

ቦታው በወሎ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ናት። የከተማዋንም ሆነ የባለጉዳዮቹን ስም መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። በአውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ዕድሜዋ ስምንት ዓመት የሚገመት ልጅ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ትለምን ነበር። እናቲቱ ከመንገዱ ማዶ ከግንብ ሥር ተቀምጣ ሦስተኛውን ልጅ ታጠባለች። አባትየው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

ቤተሰቡ በቀበሌው የተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን ዝርዝሩ የተዘጋጀው ሁለቱ ታናናሾች ከመወለዳቸው በፊት ስለነበር የተመዘገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። በኋላም በቆጠራ ዕለት አባትየው ስላልተገኘ ስሙ ተሰረዘ፤ ሁለት ስም ቀረ። በአገራችን ለአንድ ተረጂ በወር የሚታሰበው መደበኛ ቀለብ 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ግራም ዘይት መሆኑ ይታወቃል። በዚሁ ስሌት ቤተሰቡ ለሁለት ስም 30 ኪሎ ግራም እህል ይቀበላል። የሚበሉት ግን አራት ናቸው፤ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል 7 ኪሎ ተኩል፣ ማለትም ከተወሰነው ግማሽ ይሆናል። የቀረው ግማሽ ከመናኸሪያው በር ይለመናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደች። «ማን ላከሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «እማዬ» አለች። ይህችው አንዲት ቃል ማስረጃ ሆና እናቲቱ ተይዛ ሁለት ሌሊት በጣቢያው አደረች። ጡት የሚጠባው ሕፃን አብሯት ገባ፤ ሁለቱን ልጆች ግን በአካባቢው የምትኖር አንዲት ጠላ ሻጭ ወስዳ አሳደረቻቸው። ይህንንም ያደረገችው ማንም አዝዟት ሳይሆን በራሷ ደግነት ነው። እርሷ ባትኖር ልጆቹ የት ሊያድሩ እንደነበር ጸሐፊው የጠየቀው ኃላፊ ሁሉ መልስ አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ዓቃቤ ሕጉ ጉዳዩን ተመልክቶ ክስ ሳይመሠርት እናቲቱን አሰናበታት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ታናናሾች በመዝገብ ላይ ለማስጨመር የተደረገው ምልልስ ሰባት ሳምንት ፈጀ። እናቲቱን ለማሰር ግን አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ሆኖ ነበር።

ጸሐፊው እናቲቱን «እኅቴ፣ ልጅቱን ከመላክ ራስሽ ብትለምኚ አይሻልም ነበር?» ሲል ጠይቋት ነበር። «ወንድሜ፣ እኔ ስለምን ‹ጉልበት እያለሽ ለምን አትሠሪም› ይሉኛል፤ እርሷን ማንም ሥሪ አይላትም» ስትል መለሰች። በዚህ አነጋገር ውስጥ ችግርም ስሌትም አለ። የሕጉም ከባድ ጥያቄ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

የሕጉ ይዘት

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ጉዳዩ በአንድ አንቀጽ ብቻ ተጠቅልሎ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። በሕገ መንግሥቱ፣ አገራችን ባጸደቀቻቸው ስምምነቶች፣ በወንጀል ሕጉና በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ ተሰባጥሮ ይገኛል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት፣ ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶች የመጠበቅ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ ያለመገደድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንዲሁም ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በፍርድ ቤትም ሆነ በአስተዳደር አካል ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ አንቀጹ ግዴታውን የጫነው በዳኛ ላይ ብቻ አይደለም። የተረጂ ካርድ የሚያድለውም ሠራተኛ በዚሁ ቃል ተይዟል።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ ቀጥተኛ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ነው። አገራችን ይህን ቻርተር እ.ኤ.አ. በ2002 አጽድቃዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የቻርተሩ አንቀጽ 29 አባል መንግሥታት ሕፃናትን መጥለፍን፣ መሸጥንና በሕፃናት መነገድን ፈጻሚው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ቢሆን እንኳ እንዲከላከሉ ያዛል፤ አስከትሎም ሕፃናትን በማናቸውም ዓይነት ልመና መገልገልን እንዲያስቀሩ በግልጽ ያስገድዳል። «በማናቸውም ዓይነት» የሚለው ቃል ለመተላለፊያ የሚሆን ቀዳዳ አልተወም።

ነገር ግን ይኸው ቻርተር አንቀጽ 20 አለው። በዚያም ልጅን የማሳደግ ቀዳሚው ኃላፊነት የወላጅ መሆኑን ካሰፈረ በኋላ፣ ወላጅ ሲቸገር መንግሥት በምግብ፣ በጤና፣ በትምህርት፣ በልብስና በመጠለያ ረገድ ዕርዳታ እንዲሰጠው ያዝዛል። ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ የሚጠቀሰው 29ኛው ብቻ ነው። በጸሐፊው አስተያየት ሁለቱ አንቀጾች ካልተነበቡ አንዱም አልተነበበም። መንግሥት ለልጁ ሊሰጥ የሚገባውን ቀለብ ሳይሰጥ ልጁ ለምን ለመነ ብሎ እናትን ቢጠይቅ የራሱን ዕዳ በእርሷ ላይ መጻፉ ነው።

ወደ ወንጀል ሕጉ ስንመጣ፣ በ1996 ዓ.ም. ታውጆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን የማሳደግ ወይም የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው በማናቸውም ምክንያትና መንገድ ልጁን ያንገላታ፣ ችላ ያለ፣ ከአቅሙ በላይ ያሠራ ወይም የደበደበ እንደሆነ ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ድርጊቱ በልጁ ጤና፣ ደኅንነት፣ ትምህርት ወይም በአካልና በአእምሮ እድገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰ እንደሆነ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ይሆናል፤ ጥፋተኛውም በልጁ ላይ ያለውን የወላጅነት መብት ያጣል። አንቀጽ 659 ደግሞ ለጥቅም ሲል ወይም በቸልተኝነት የልጁን አስተዳደግ በከባድ ሁኔታ የጣለ፣ ልጁንም ለሥነ ምግባር ወይም ለአካል አደጋ ያጋለጠ ወይም እንዲህ ላለው አደጋ እንደሚጋለጥ እያወቀ ለሌላ ሰው አሳልፎ የሰጠ ሰው የሚጠየቅበት ነው።

የእነዚህን አንቀጾች ቃላት ቀረብ ብሎ ለተመለከተ የሕጉ ዓላማ ግልጽ ይሆናል። ሕጉ የሚያነሣው ማንገላታትን፣ ከአቅም በላይ ማሠራትን፣ ጥቅም ፍለጋን ነው። ከልጁ ጋር መቸገርን ወንጀል አላደረገም። ከዚህም በላይ አንቀጽ 75 አለ፤ ራስን ወይም ሌላውን በቅርብ ከሚደርስ ከባድ አደጋ ለማዳን ሲባል፣ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ ሳይቻል ሲቀር የተፈጸመ ድርጊት አያስቀጣም። ረኃብ ለሕፃን የቅርብና ከባድ አደጋ መሆኑን ማንም ዳኛ አይክድም። አከራካሪው «በሌላ መንገድ ማስወገድ ይቻል ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ደግሞ የእኛ መዝገብ ነው። ቀለቡ በወቅቱና በልጆቹ ቁጥር ልክ ተሰጥቶ ከሆነ እናቲቱ ሌላ መንገድ ነበራት፤ ካልተሰጠ ግን አልነበራትም። የዕርዳታ ጽሕፈት ቤት የማከፋፈያ ቅጽ በፍርድ ቤት ፊት ይህን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል ብዙዎቻችን አስበን አናውቅም።

ልጁን በተመለከተ የሕጉ አቋም አጭርና ግልጽ ነው። ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ጥፋት ቢገኝበት እንኳ ልዩ የማረሚያ እርምጃ ይወሰድበታል እንጂ እንደ አዋቂ አይቀጣም። እንግዲህ በመናኸሪያው በር የቆመችው የስምንት ዓመት ልጅ በምንም መልኩ ተከሳሽ ልትሆን አትችልም፤ የጥበቃው ባለመብት ናት። ወደ ፖሊስ ጣቢያ በተወሰደች ጊዜ ይህን የነገራት አልነበረም። «ማን ላከሽ?» የተባለችበት አጠያየቅም እናቷን አሳልፋ የምትሰጥ ምስክር አደረጋት፤ ልጅቱ ለብዙ ጊዜ እናቷ የታሰረችው በእርሷ ጥፋት እንደሆነ ታምን እንደነበር ጠላ ሻጯ ለጸሐፊው ነግራዋለች።

ችግርና ብዝበዛ የሚለዩበት

ከላይ ከተገለጸችው እናት የተለየ ሰው የለም ማለት አይደለም። አለ። የራሱ ያልሆነን ሕፃን ከድኃ እናት ተቀብሎ የዕለቱን ገቢ እያካፈላት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያዞር፣ ልጁ የተወሰነ ገንዘብ ሳያመጣ ሲቀር የሚደበድብ፣ ሊድን የሚችል ቁስል ምጽዋት ስለሚያስገኝ ሐኪም እንዳያየው የሚከለክል ሰው በከተሞቻችን ያጋጥማል። ይህን የሚያደርገው ወላጅ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ድኃ ነውና ይታለፍ» ማለት ልጁን ሁለተኛ መበደል ነው።

ከገጠር «አስተምርላችኋለሁ» በማለት ልጆችን ወስዶ በከተማ ለልመና የሚያሰማራውም ጉዳዩ በሰው መነገድ ስለሆነ ይበልጥ ከባድ ነው። በሰው መነገድን ስለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል፣ ተጎጂው ከ18 ዓመት በታች ሲሆን ለብዝበዛ ዓላማ መመልመሉ፣ መጓጓዙ ወይም መጠለሉ ብቻ ወንጀሉን እንደሚያቋቁም ያስረዳል፤ ኃይል ወይም ማታለል መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም። ወላጅ ፈቅዷል የሚለውም መከላከያ አይሆንም። በአገራችን ይህን ወንጀል የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው።

ታዲያ ሠራተኛው ሁለቱን እንዴት ይለያል? ጸሐፊው ከጠየቃቸው አንዲት ልምድ ያላቸው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የተገኘው ምክር የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የሚታየው ገንዘቡ ነው፤ የተለመነው ሳንቲም በዕለቱ እንጀራ ሆኖ በልጁ አፍ ገባ ወይስ በሌላ ሰው ኪስ ገባ? ቀጥሎ ልጁ ወላጁ ሲመጣ የሚያሳየው ሁኔታ ይታያል፤ ወደ እናቱ ይሮጣል ወይስ እጁን ይደብቃል? ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰዓት የት ነው ያለው? ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀለቡ ሙሉ ሆኖ ከተሰጠ ከአንድና ከሁለት ወር በኋላ የሚታየው ነው። ችግር ያስወጣው ልጅ ቀለብ ሲሟላ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ብዝበዛ ያስወጣው ግን ካርዱም ገብቶ ይቀጥላል። ስለዚህ ቀለቡን ማሟላት ዕርዳታ ብቻ ሳይሆን ምርመራም ነው ሲሉ ባለሙያዋ አስረድተዋል።

ልማድን በሚመለከት

በዚህ ርዕስ ላይ ሲነጋገሩ የቆሎ ተማሪን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚዞረው የቤተ ክህነት ተማሪ በወላጁ ምርቃት ከቤቱ የወጣ ልጅ ነው። ሊቃውንቶቻችን አብዛኞቹ በዚህ መንገድ አልፈዋል። የሚለምነው ለዕለት ጉርሱ ነው፤ የሚመለሰውም ወደ ትምህርቱ ነው። በሌላ በኩል ላሊበላዎች የሚባሉት ቤተሰቦች ሌሊት ሳይነጋ በየቤቱ ደጃፍ እያዜሙ ምጽዋት ይቀበላሉ፤ ማዜሙን ከተዉ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ከአባቶቻቸው የወረሱት እምነት ስላለ ልጆቻቸውንም ከትንሽነታቸው ጀምሮ ያስከትላሉ። እነዚህን ሁሉ ከልጅ ነጋዴ ጋር በአንድ መዝገብ ማስፈር ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ልማድ መሆኑ ብቻ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። ለዚህም ከሴኔጋል የምንማረው አለ። በዚያ አገር ወላጆች ልጆቻቸውን ቁርዓን እንዲማሩ ዳራ ወደሚባሉ ትምህርት ቤቶች ይልካሉ፤ ታሊቤ የሚባሉት እነዚህ ተማሪዎች ለምግባቸው መለመናቸው እንደ እኛው የቆሎ ተማሪ የቆየና ትሕትናን የሚያስተምር ልማድ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ከገጠር ወደ ከተማ ሲዛወሩ ግን አንዳንድ መምህራን ልጆቹ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ እንዲያስገቡ ማስገደድ፣ ያላስገባውንም መግረፍ ጀመሩ። ሴኔጋል ይህን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥታ ነበር። ሕጉ ግን በሥራ ላይ ባለመዋሉ በ2012 ለአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ አቤቱታ ቀረበ፤ ኮሚቴውም በ2014 መንግሥቱ የቻርተሩን አንቀጽ 29 ጭምር ጥሷል ሲል ወሰነ። መንግሥቱ የተወቀሰው ሕግ ስላልነበረው ሳይሆን ሕጉን ይዞ ልጆቹን መንገድ ላይ ስለተዋቸው ነው። ምግብ የሚለምን ተማሪና በቀን ይህን ያህል አስገባ የተባለ ተማሪ የሚለያዩበት መሥመር ከዚህ ጉዳይ በሚገባ ይታያል።

ልጅን ከወላጅ ስለ መለየት

በአንዳንድ ከተሞች ከበዓል ወይም ከትልቅ ስብሰባ በፊት ለማኞችን በመኪና አፍሶ ወደ ሌላ ቦታ የመውሰድ አሠራር ሲፈጸም ቆይቷል። በእንዲህ ያለው ጥድፊያ እናት በአንድ መኪና፣ ልጅ በሌላ ሊሳፈሩ ይችላሉ። የአፍሪካው ቻርተር በአንቀጽ 19 ልጅ ከወላጁ ሊለይ የሚችለው የዳኝነት ሥልጣን ያለው አካል በሕግ መሠረት ለልጁ የሚበጀው ይህ ነው ብሎ ሲወስን ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። የፖሊስ ባልደረባ፣ የከተማ ደንብ አስከባሪ ወይም የመጠለያ ኃላፊ ይህን መወሰን አይችልም። የልጁ ሕይወት በአፋጣኝ አደጋ ላይ ከሆነ ልጁን ማዳን ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ ሳይዘገይ ለፍርድ ቤት መቅረብ ይኖርበታል።

ይህን በሚመለከት የእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ ታሪክ የሚያስተምረው መራራ ነገር አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በቆረምና በባቲ በመሳሰሉት መጠለያዎች ሕፃናት ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር እየተመዘነ ለተጨማሪ ምግብ ይመረጡ ነበር። ምግቡ ለሁሉ ስለማይበቃ እጅግ የከሳው ይቀድማል። እናት ልጇ እንዲከሳ አትመኝም፤ ግን የከሳ ልጅ ለቤተሰቡ የምግብ በር ሆኖ እንደነበር በሥራው ላይ የነበሩ ያውቃሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ፣ መተከል፣ አሶሳ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ከፋ ለሠፈራ ሲጓጓዝም ከቤተሰባቸው ተነጥለው የተሳፈሩ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በተቋቋሙት የሕፃናት ማሳደጊያዎች ከገቡት መካከል ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ በሕይወት ያላቸው እንደነበሩ በኋላ ቤተሰብ ፍለጋ ሲጀመር ታውቋል። የቻርተሩ አንቀጽ 25 በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት በመፈናቀል የተለያዩትን ልጆችና ወላጆች ፈልጎ የማገናኘት ግዴታ በመንግሥት ላይ የጣለው እንዲህ ያለው ነገር በብዙ አገር ስለደረሰ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለራሱም መናገር ይገባዋል። በመናኸሪያው በር ያያትን ልጅ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ፊቷ በግልጽ እየታየ «ወላጆቻቸው ለልመና ካሰማሯቸው ሕፃናት አንዷ» ከሚል መግለጫ ጋር ለኅትመት አቅርቦ ነበር። ፈቃድ አልጠየቀም፤ መግለጫውም እውነቱን አልያዘም። ከወራት በኋላ ወደዚያች ከተማ ሲመለስ ሥዕሉ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘው፤ የክፍል ጓደኞቿ «ለማኟ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስለዚህ ነገር ሲያስብ ሌላም ነገር ይታየዋል። ለጋሾችን ለማነሣሣት የከሳ ሕፃን ፊት በፖስተርና በፊልም ስናሳይ የኖርነው እኛ ነን። ልጇን በመንገድ ዳር ያቆመች እናትን ስንወቅስ ይህ ቢታወሰን መልካም ነው።

የዕርዳታ ሠራተኛው ድርሻ

ልጅ ይዞ የሚለምን ቤተሰብ ሲያጋጥም የሚቀድመው የተረጂ ካርዱን መመልከት ነው። በካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በዓይን የሚታየው የሕፃናት ቁጥር ይነጻጸር። የማይገናኙ ከሆነ ማረሚያው በዚያው ቀን ይጀመር። በቀድሞ ቀበሌያቸው የተመዘገቡትን «ወደ መጣችሁበት ሂዱ» ብሎ ማሰናበት ችግሩን ለሌላ ከተማ ማሸከም ነው፤ ዝውውሩ በደብዳቤ ሊፈጸም ይችላል። በጉልበት መሥራት የማይችል ቤተሰብ በገጠር በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የቀጥታ ድጋፍ እንደሚመለከተው፣ ነፍሰ ጡርና አራስ እናት ደግሞ ለጊዜው ከማኅበረሰብ ሥራ ነጻ ሆና እንደምትረዳ መዘንጋት አይገባም። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሥራውን የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም በጎዳና ላይ የሚኖሩትንና በልመና የሚተዳደሩትን እንዲያካትት ታስቦ የተዘጋጀ ነበር።

የልደት ምዝገባ ሌላው መሣሪያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በመጠለያ ወይም በመንገድ ላይ የተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሳይመዘገብ ይቀራል። ያልተመዘገበ ሕፃን ቀለብ አይቆጠርለትም፤ «ልጄ ነው» የሚል ማንኛውም ሰው ይዞት ቢዞርም የማን እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። የልጅ ኪራይ የሚባለው ነገር የሚመቸው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። መዝጋቢው ወደ መጠለያው በሳምንት አንድ ቀን እንዲመጣ ማድረግ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ብዝበዛ መኖሩ ሲታመንበት ጉዳዩ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ በጽሑፍ ይቅረብ። ልጁ በመንገድ ላይ፣ በሕዝብ ፊት ወይም ወላጁ ባለበት አይጠየቅ፤ የሚያነጋግረው የደንብ ልብስ ያልለበሰ፣ ቢቻል የልጁን ቋንቋ የሚናገር ሰው ይሁን። ወላጁ ከመያዙ በፊት ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ይወሰን፤ ይህም አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ካለ በእነርሱ ዘንድ፣ ከሌለ በታወቀ ተቋም መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር።

ከጽሕፈት ቤታችን ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ዓቃቤ ሕግ የሚላከው ደብዳቤ ቤተሰቡ ከየት እንደተፈናቀለ፣ በመዝገብ ላይ ስንት ሰው እንደሰፈረና በእርግጥ ስንት እንደሆኑ፣ ባለፉት ስድስት ወራት ቀለብ የተቀበሉባቸውን ቀናትና መጠኑን፣ ሳይሰጥ የቀረበት ወር ካለም ያንኑ ሳይደብቅ መግለጽ አለበት። የመጨረሻውን ለመጻፍ የሚያቅማማ ኃላፊ እንደሚኖር የታወቀ ነው፤ የእርሱን መሥሪያ ቤት ጉድለት ያጋልጣልና። ከላይ የተጠቀሰችውን እናት ዓቃቤ ሕጉ በሦስተኛው ቀን ያሰናበታት አንድ የማከፋፈያ ጣቢያ ጸሐፊ ይህንኑ በአንድ ተራ ወረቀት ላይ በእጁ ጽፎ፣ ማኅተም አስደርጎ ስለላከ ነው። የታተመ ቅጽ አልነበረውም። በሌሎችም ጣቢያዎች ቅጽ እስኪደርስ ድረስ በዚሁ ዓይነት መጻፍ ይቻላል።